ጾም ላይ ሆኜ ለአማቴ የፈረንጆቹን ገና ማዕድ ልሠራ ነው፤ ሳልቀምስ እንዴት ላብስለው?

የሼፊልዷ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ነው፤ ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው። በየዓመቱ ዲሴምበር 25 የምንውለው አማቴ ዘንድ ነበር። ምግቡን ከድንቹ እስከ ፑዲንጉ የሚሠሩት እሳቸው፣ ተርኪውን፣ ያን ከዶሮ የሚተልቀውን ወፍ፣ ቆርጠው ለየሰዉ የሚያድሉት ደግሞ የባለቤቴ አባት ነበሩ። አባትየው ባለፈው መጋቢት አረፉ። አማቴም ጣቶቻቸውን ሪህ ይዞባቸው ከባድ ትሪ ከኦቨን ማውጣት አቅቷቸዋል። «ዘንድሮ ይቅርብን፣ ሳንድዊች ይበቃናል» ሲሉ ስሰማ አንጀቴ አልቻለም። «የምንውለው እኔ ቤት ነው፤ ሁሉንም እኔ እሠራለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ።

እኚህ ሴትዮ ባለፈው የእኛ ገና ቤታችን መጥተው ዶሮ ወጥ በእጃቸው በልተዋል። ላብ በግንባራቸው እየወረደ «እንቁላሉን ድገሚኝ» ያሉኝ አይረሳኝም። እኔም የሳቸውን በዓል በሳቸው ወግ ላደርግላቸው እፈልጋለሁ።

ግን ፈርቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ለጃንዋሪ 1 እንግዳ ጠርቼ ሞክሬው ነበር። አምስት ኪሎ የሚሆን በረዶ የሆነ ሙሉ ተርኪ ገዝቼ ከፍሪዘር ያወጣሁት በዋዜማው ማታ ነው። ጠዋት ሳየው ላዩ ለስልሷል፤ እጄን ወደ ሆዱ ስሰድ ግን ድንጋይ ነው። ሙቅ ውሃ አፈሰስኩበት፣ እንደ ዶሮ በሎሚና በጨው እያሸሁ አጠብኩት። ከአራት ሰዓት በኋላ ደረቱ እንደ ገመድ ደርቆ ጭኑ ሥር ገና ደም ነበረው። ማታ እንግዶቼ ዳቦ በቺዝ በልተው ሄዱ።

ሌላው ጾሙ ነው። ቀኑ ታኅሣሥ 16 ስለሆነ ገና ነቢያት ላይ ነን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሥጋና ቅቤ አልነካም። ስለዚህ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ብዬ መቅመስ አልችልም። ባለቤቴ «እኔ እቀምስልሻለሁ» ይለኛል፤ እሱ ግን ምንም ብሰጠው «ጥሩ ነው» ነው መልሱ።

ስድስት ሰው ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የባለቤቴ እህትና ሁለት ልጆቿ። ኦቨኔ አንድ ነው፣ ባለ ሁለት መደርደሪያ። ወጉ ሳይጠፋ እንዴት ላቅልለው? ምኑን ልተው?

ወጥ ቤት ከለንደን

እህቴ፣ መጀመሪያ ሙሉውን ተርኪ ተዪው። «ተርኪ ክራውን» የሚባለውን ግዢ፤ እግሩ ተነሥቶለት ደረቱ ብቻ ከነአጥንቱ የሚሸጠው ነው። ሁለት ኪሎ ከሩብ ያህል ለስድስት ሰው ይበቃል። ሙሉ ተርኪ የሚያስቸግረው ደረቱና ጭኑ እኩል ስለማይበስሉ ነው፤ ጭኑ እስኪደርስ ደረቱ ይደርቃል። አንቺም ላይ የደረሰው ያ ነው።

በረዶ ያልሆነውን ካገኘሽ እሰየው። በረዶ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ቁጠሪለት። የያኔው አምስት ኪሎ ከሁለት ቀን በላይ ያስፈልገው ነበር፤ አንቺ የሰጠሽው አንድ ሌሊት ነው።

ድንቹን ግን አደራ። እኔ መጠጥ ቤት ኩሽና ውስጥ ስምንት ዓመት እሑድ እሑድ ሮስት፣ በኦቨን የተጠበሰ ሥጋና ድንች፣ ሠርቻለሁ። ሥጋው ትንሽ ቢደርቅ ሰዉ ግሬቪ፣ ከሥጋው ጭማቂ የሚሠራውን ስጎ፣ አፍስሶበት ይበላል፤ ድንቹ ከተልፈሰፈሰ ግን ሳህኑ ላይ ቀርቶ ይመለሳል። ማሪስ ፓይፐር ወይም ኪንግ ኤድዋርድ የሚባለውን ዓይነት ግዢ። ልጠሽ በእንቁላል መጠን ቁረጪው፤ በቀዝቃዛ ውሃ ጣጂው፣ ለአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ጨው። መፍላት ከጀመረ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ቆይቶ ጠርዙ መፈርፈር ሲጀምር አጥልይው። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው። ማጥለያው ላይ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ እንፋሎቱ ይውጣለት። ከዚያ ድስቱ ውስጥ መልሰሽ፣ ክዳኑን ይዘሽ ሦስት አራት ጊዜ አናውጪው። ዙሪያው ይፈቀፈቅና ዱቄት የለበሰ ይመስላል። ዘይት ሲነካው የሚንኮሻኮሸው ያ ፍርፋሪ ነው።

ዘይቱን ከነትሪው በ200 ዲግሪ አስቀድመሽ አግዪው፤ ድንቹ ሲገባ ጭስስ ማለት አለበት። 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ መሐል ላይ አንዴ አገላብጪው። አታደራርቢው፤ ከተጨናነቀ በእንፋሎት ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

እዚህ ብዙ ሰው የዝይ ስብ ነው የሚጠቀመው። አንቺ በሱፍ ዘይት ሥሪው፤ ያምራል፣ አንቺም ትበዪዋለሽ።

የቨርጂኒያዋ

እኛ እዚህ አሜሪካ ለታንክስጊቪንግ፣ ለምስጋና በዓሉ፣ ተርኪውን በበርበሬና በንጥር ቅቤ አሽተን ነው የምንጠብሰው። ቤቱ በሙሉ ያውዳል፤ ልጆቼ ሌላ ዓይነቱን አይፈልጉም። አማትሽ ዶሮ ወጥ ደግመው ከበሉ ምን ያስፈራሻል? ትንሽ አድርጊበት፣ ይወዱታል።

እናት ከሊድስ

ልጄ፣ ያሰብሽው ሁሉ ይባረክልሽ። ትንሽ ላስረዝምብሽ ነው።

የቨርጂኒያዋ እህቴ ያለችው ይጣፍጣል፤ እኔም ለቤቴ እንደዚያ አድርጌ ሠርቻለሁ። ግን እኚህ ሴት ባላቸውን ከቀበሩ ዓመት አልሞላቸውም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው አፉ የሚያውቀውን ነው የሚፈልገው። በርበሬውን ለጃንዋሪ አቆዪላቸው።

ሊድስ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ኩሽና 14 ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። በየዓመቱ ዲሴምበር 25 ለአርባ ሰው ተርኪ እጠብስ ነበር፤ ሁልጊዜም ጾም ላይ ነኝ፤ አንድም ቀን ቀምሼ አላውቅም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ወጡን ስትሠሪ ማን ይቀምስልሻል? ሃምሳ አምስት ቀን ጾመሽ፣ ቅዳሜ ማታ ድስቱ ላይ ቆመሽ፣ ጣትሽን ልሰሽ ታውቂያለሽ? እናቴ ጎንደር ቤታችን ውስጥ ክዳኑን ከፈት አድርጋ እንፋሎቱን በመዳፏ ወደ አፍንጫዋ ትስበው ነበር። ሽንኩርቱ ጥሬነቱን መልቀቁን በሽታው፣ ቅቤው መንሳፈፉን በዓይኗ፣ ጨውን ደግሞ በእጇ ልክ ታውቀዋለች። ስንት ዓመት ሙሉ ስትሠሪው የኖርሽው ይኸው ነው። እጅሽ ተርኪውን ገና ስላልለመደው ብቻ ዘንድሮ ሚዛን ያግዝሽ።

ልኩ ይኸውልሽ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ 10 ግራም ጨው ነው። ለሁለት ኪሎ ከሩብ 22 ግራም ገደማ፣ ማለት ጫፉ የተስተካከለ አራት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። በዋዜማው ማታ ዙሪያውን እሺውና ሳትሸፍኚ ፍሪጅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሪው። ጨው መጀመሪያ ውሃ ያስወጣዋል፤ ሲያድር ሥጋው ያንኑ መልሶ ይጠጣል፣ ቆዳውም ይደርቅልሻል። አምሮ የሚጠበሰው ደረቅ ቆዳ ነው። ግን አንዳንዱ ተርኪ ከፋብሪካ የጨው ውሃ ተወግቶ ነው የሚመጣው። ማሸጊያውን አንብቢ፤ ጨው ገብቶበታል ካለ አንቺ አትጨምሪ።

ስለማጠቡ። ይህ ለእኛ ከባድ ነው፤ አውቃለሁ። ዶሮ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ሳይታጠብ ሰው ፊት ማቅረብ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። የዚህ አገር የምግብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግን ጥሬ ዶሮና ተርኪ አትጠቡ ነው የሚለው። ካምፒሎባክተር የሚባል ተህዋሲ አለ፤ ስታጥቢው ከውሃው ጋር እየተረጨ ማጠቢያውን፣ ሳህኑን፣ አጠገብ ያለውን ሰላጣ ይበክላል። እኛ አገር ዶሮው እጃችን ላይ ታርዶ፣ ላባውን ነጭተን፣ አንጀቱን አውጥተን ነው፤ መታጠብ አለበት። እዚህ ያ ሁሉ ተሠርቶለት ይመጣል። ተህዋሲውን የሚገድለው እሳት ነው። በወረቀት ፎጣ አድርቂው፣ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ በቃ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሲነግሩኝ ለሽማግሌዎቹ የቆሸሸ ነገር ያበላሁ መስሎኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሥር ፓውንድ አውጥተሽ የሥጋ ቴርሞሜትር ግዢ። በጣም ወፍራሙ ቦታ ላይ፣ አጥንት ሳይነካ ውጊው። 75 ካለ በስሏል። ዘንድሮ ቀማሽሽ እሱ ነው።

አሁን ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ልጻፍልሽ። የንጉሡ የገና ንግግር በቴሌቪዥን የሚተላለፈው በነሱ ከቀኑ ሦስት፣ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በአማትሽ ዕድሜ ያሉት ብዙዎቹ እሱን ሳያዩ አይውሉም። አንቺም የምትጾሚው እስከ ዘጠኝ ነው። ንግግሩ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው። ማዕዱን ለዘጠኝ ተኩል አድርጊው፤ አንቺም ጎናቸው ተቀምጠሽ ትበያለሽ።

ከዘጠኝ ተኩል ወደ ኋላ ቁጠሪ። ለአንድ ኪሎ 45 ደቂቃ፣ በላዩ ላይ 20 ደቂቃ፤ ያንቺው ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስድስት ተኩል ላይ በ180 ዲግሪ ይግባ፤ ኦቨንሽ ባለ ፋን ከሆነ 160። ትሪው ላይ ለሁለት የተከፈለ ቀይ ሽንኩርትና ጥቂት ጦስኝ አንጥፊለት፣ ደረቱን ቅመም የሌለው ቅቤ ቀቢው፣ በፎይል ሸፍኚው፤ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ፎይሉን አንሺ። ስምንት ተኩል ላይ ይወጣና በፎይል ተሸፍኖ ይረፍ። አንድ ሰዓት ቢቆይ አትጨነቂ፤ እንደወጣ ከቆረጥሽው ጭማቂው ሁሉ ሰሌዳው ላይ ይፈስሳል። ዋናው ነገር፣ እሱ በሚያርፍበት ሰዓት ኦቨኑ ባዶ ነው። ወደ 200 ከፍ አድርገሽ ድንቹን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስገቢ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካሮትና ፓርስኒፕ፣ ያ ነጭ ካሮት የሚመስለው ሥር፣ በዘይት ታሽተው ከታች ይግቡ። አንድ ኦቨን ይበቃል የምልሽ ለዚህ ነው።

ብሬድ ሶሱን፣ ያን በወተትና በዳቦ የሚሠራውን ስጎ፣ ተዪ። በቤከን የሚጠቀለለውን ቋሊማ ተዪ። ዮርክሻየር ፑዲንግ፣ ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚጋገረው፣ የበሬ ሥጋ ጓደኛ ስለሆነ እሱንም ተዪ። ክሪስማስ ፑዲንጉን፣ ያን በደረቅ ፍራፍሬ የሚሠራውን ጣፋጭ፣ የተሠራ ገዝተሽ አሙቂው፤ በቤት የሚሠሩትም ከሳምንታት በፊት ነው የሚያዘጋጁት። ክራንቤሪውን፣ ያን ቀይ ጎምዛዛ ማባያ፣ በጠርሙስ ግዢ። የወረቀት ዘውድ ያለበትን ክራከር፣ ሁለት ሰው ጎትቶ የሚያፈነዳውን ጥቅል፣ ግን እንዳትረሺ፤ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ትልልቆቹም ይጠብቁታል።

የሼፊልዷ

እናቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ፋሲካው ዋዜማ የጻፉትን ሳነብ እናቴ ትዝ ብላኝ ለጊዜው ስልኩን አስቀመጥኩት። ሚዛኑንም ቴርሞሜትሩንም ገዝቻለሁ። ወንድሜ የለንደኑ፣ ድንቹን ትናንት ማታ በሦስት ፍሬ ሞከርኩት፤ ማናወጡ ነው ለካ ሚስጥሩ!

ሁለት ነገር ይቀረኛል፤ ግሬቪና ብራሰልስ ስፕራውት። ግሬቪው ሲጓጉልብኝ እፈራለሁ። ስፕራውቱን ደግሞ፣ ያን የጣት ጫፍ የሚያህል ጥቅል ጎመን፣ ልጆቹ ሽታውን ሲሰሙ ገና አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ስተፊንጉንስ፣ ያን የተቀመመ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ተርኪው ውስጥ ልክተተው?

እናት ከሊድስ

ስተፊንጉን አትክተቺው፤ ውስጡ እስኪግል ሥጋው ይደርቅብሻል። ፓክሶ የሚባለውን፣ ሴጅ በሚባል ቅጠልና በሽንኩርት የተቀመመውን ፓኬት በፈላ ውሃ አቡኪና ለብቻው በትንሽ ሳህን ከካሮቱ ጎን ግማሽ ሰዓት ይጠበስ። ብዙ ቤት የሚበላው እሱኑ ነው፤ አማትሽም ሲቀምሱት ያውቁታል።

ግሬቪ ከቁሌት አይከብድም። ተርኪው የተጠበሰበትን ትሪ አዘንብለሽ ስቡን በማንኪያ ቅጂው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ብቻ ይቅር። ሽንኩርቱ እዚያው ይሁን። ምድጃ ላይ ጥደሽ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሺና የዱቄቱ ጥሬ ሽታ ጠፍቶ የቆሎ ሽታ እስኪመጣ አማስዪ። ይህን በአፍንጫሽ ነው የምታውቂው። ከዚያ ግማሽ ሊትር ትኩስ የዶሮ ኩብ መረቅ በጭልፋ በጭልፋ፣ እያማሰልሽ። የሚጓጉለው መረቁ በአንዴ ሲደፋበት ነው፤ ከጓጎለም ምንም አይደል፣ በስተመጨረሻ በወንፊት ይጠለላል። ኩቡ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ጨው የሚባል እንዳታስነኪው። ላንቺ ደግሞ በዘይትና በአትክልት ኩብ ትንሽ ለብቻ ሥሪ።

ስፕራውቱን የሚያስጠላው ብዙ መቀቀሉ ነው፤ በቆየ ቁጥር ያ ሽታ ይወጣል። ለሁለት ሰንጥቂው፣ መጥበሻ ላይ ዘይት አግለሽ የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች አስተኚው። አምስት ስድስት ደቂቃ፣ በመጨረሻ ነጭ ሽንኩርት። ንግግሩ እንዳለቀ ጀምሪው፤ ከዚያ በፊት አትንኪው።

ወጥ ቤት ከለንደን

አቆራረጡን ልጨምር። ደረቱን አጥንቱ ላይ እያለ ለመሸንሸን አትታገሉ። በመሐል አጥንቱ ጎን ቢላውን ወደ ታች አውርዶ አንዱን ወገን ሙሉ በሙሉ ማንሣት፣ ከዚያ ሰሌዳ ላይ አጋድሞ በአግድም መቁረጥ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቆዳ ይደርሰዋል።

የሼፊልዷ

ዛሬ 26 ነው፤ ቤቱ ጭር ብሏል፣ ልጽፍላችሁ ተቀመጥኩ።

ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ቴርሞሜትሩ 71 አለኝ። እጄ ሊያወጣው ቸኩሎ ነበር፤ አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፣ 75 ሲል አወጣሁት። ቆዳው ወርቅ መስሏል። ከፓርስኒፑ ቀጫጭኑ ጫፍ ጫፉ ከሰለብኝ፤ ሌላ ጊዜ ወፍራም አድርጌ እቆርጠዋለሁ።

አማቴ ሲመጡ በሻይ ፎጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ነበር። የባለቤቴ አባት ተርኪ የሚቆርጡበት ቢላ ነው፤ የቀንድ እጀታ ያለው። ለልጃቸው ሰጡት። እሱም የለንደኑ ወንድሜ እንዳለው ደረቱን አንሥቶ በአግድም ቆረጠው። ማንም ሳይናገር ቆይተን የመጀመሪያው ቁራጭ የእሳቸው ሳህን ላይ ሆነ። እኔ ዓይኔ የጨው ዕቃው ላይ ነበር፤ አቀብሉኝ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እስከ መጨረሻው አልነኩትም። ድንቹን ሦስት ጊዜ አነሡ። «የእሱ እናት የምትሠራው እንደዚህ ነበር» አሉኝ፤ «እሱ» ያሉት ባላቸውን ነው።

እኔም ከንግግሩ በኋላ በጾም ሳህኔ ድንች፣ ካሮት፣ ስፕራውትና የዘይት ግሬቪዬን ይዤ ጎናቸው ተቀመጥኩ። ከልጆቹ ታናሽየዋ ስፕራውት ከኔ ሳህን ወስዳ በላች።

አማቴ ስለ ጾሙ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ሲመሽ ዕቃ እያጠብኩ ዘወር ብል፣ ከደረቱ ወፍራም ወፍራሙን መርጠው በዚያ በሚያማቸው እጅ በፎይል እየጠቀለሉ ነው። ፕላስቲክ ውስጥ ከተው፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጃንዋሪ 7» ብለው ጽፈው ፍሪዘሬ ውስጥ አስቀመጡልኝ።

እናቴ የሊድሷ፣ ይህን ሥጋ ለገና ቁሌት ውስጥ ብጨምረው ያምራል?

እናት ከሊድስ

ያምራል እንጂ! ጃንዋሪ 6 ቀን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርጂው፣ ቀስ ብሎ ይቅለጥ። ቁሌቱን እንደ ዶሮው አብስዪ፣ ቅቤና መከለሻው ከገባ በኋላ በመጨረሻ ጨምሪውና ሥጋው መሐሉ ድረስ እስኪግል ብቻ ይንተክተክ። የበሰለ ሥጋ ስለሆነ ብዙ ከፈላ ይበጣጠሳል። እንቁላሉን አብዢው፤ አማትሽ ይደግማሉ።